ስለ ራስላስ መጽሐፍና ስለ ቤት ንብረት

በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ሥራችን የሟች ንብረት ሲቈጠር ተቀምጠን መዝገብ የጻፍንበት ጊዜ ብዙ ነው። መሬቱ ከነአዋሳኙ፤ በሬው፣ ላሚቱና በቅሎው ከነመልካቸው፤ ቤቱ፣ ጠመንጃው፣ የብር ጌጡ፣ ጋኑና ምንቸቱ ሳይቀር አንድ በአንድ ይጻፋል። በላስታ አገር ደግሞ ዳዊት ወይም ገድል ወይም ድርሳን በቤት ውስጥ ከተገኘ፣ የብራናው ጥራትና የጽሕፈቱ ዕድሜ በሚያውቁ ሰዎች ይገመትና በመዝገቡ ውስጥ ተገቢውን ስፍራ ያገኛል። በማተሚያ የታተመ የወረቀት መጽሐፍ ከሣጥን ሲወጣ ግን ወራሾቹ እርስ በርሳቸው ይተያዩና «ይህስ ወረቀት ነው» ብለው ወደ ጎን ያደርጉታል። ከዚያ በኋላ የሚሄድበትን እናውቃለን። ወይ ቅጠሉ እየተገነጠለ የበርበሬ መጠቅለያ ይሆናል፤ ወይም ገበያ ወጥቶ ለመንገደኛ በጥቂት ገንዘብ ይሸጣል።

ክቡራንና ክቡራት አንባቢዎቻችን፤ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን የምንናገረው ከእንደነዚህ ያሉት መጻሕፍት ስለ አንዱ ነው። መጽሐፉ ስለ ራስላስ የሚናገረው ታሪክ ነው። ድርሰቱ የእንግሊዛዊው የዶክተር ሳሙኤል ጆንሰን ሲሆን ወደ አማርኛ የመለሱት የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ አቶ ሲራክ ኅሩይ ናቸው። የታተመውም በ1939 ዓ.ም. በአሥመራ ነው። ያን ጊዜ ጠላት ከአገራችን ከወጣ ስድስት ዓመት ያህል ሆኖት ነበር፤ አሥመራም በእንግሊዝ ወታደሮች አስተዳደር ሥር ነበረች። የተርጓሚው አባት ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1904 ዓ.ም. በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉትን የኢትዮጵያን መጻሕፍት እየዘረዘሩ ቍጥራቸውን ያሳተሙ፣ በ1931 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በስደት ሳሉ በእንግሊዝ አገር ባዝ በምትባለው ከተማ ያረፉ ሊቅ ናቸው። አባት መጻሕፍትን ቈጠሩ፤ ልጅ በቍጥሩ ላይ አንድ ጨመሩ ማለት ነው።

የተተረጐመ መጽሐፍ ምን ያህል ዋጋ ሊኖረው እንደሚችል ለመረዳት በሌላ አገር የሆነውን አንድ ነገር ማየት ይጠቅማል። ዡል ቬርን የተባለው ፈረንሳዊ ደራሲ በፈረንጅ 1885 ዓ.ም. ማትያስ ሳንዶርፍ የሚል ስም የሰጠውን የጀብዱ ልብ ወለድ ታሪክ አሳተመ። ማትያስ ሳንዶርፍ የሀንጋሪያ መኰንን ሲሆን በኦስትሪያ መንግሥት ላይ ስለ አሤረ በክህደት ይያዝና ፓዚን በምትባለው ከተማ ግንብ ውስጥ ይታሰራል። ግንቡ የተሠራው በትልቅ ገደል አፋፍ ላይ ነው፤ ከገደሉም ሥር አንድ ወንዝ ወደ መሬት ውስጥ ይሰርጋል። እስረኛው በመብረቅና በዝናም ሌሊት በገደሉ ወርዶ በዚያ በጨለማ ወንዝ ውስጥ በግንድ ላይ ሆኖ ያመልጣል። ቬርን ፓዚንን በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ ሥዕሉን ያገኘው ከከተማው ሹም ፎቶግራፍ አስመጥቶ ነው።

ፓዚን ዛሬ በክሮአሲያ አገር ትገኛለች። የክሮአሲያ ሰዎች ያላያቸው ፈረንሳዊ ስለ አገራቸው የጻፈውን ታሪክ ንቀው አልተዉትም። ወደ ቋንቋቸው አስተረጐሙት፤ በከተማይቱ በደራሲው ስም መንገድ ሰየሙ፤ ክበብም አቋቋሙ። የትርጕሙን አሮጌ እትም ያገኘ ሰውም እንደ ብርቅ ዕቃ በመደርደሪያው ያኖረዋል እንጂ ቅመም አይጠቀልልበትም። ፈረንሳይኛውን ትቶ የክሮአቱን ትርጕም ለምን ይፈልጋል ቢባል ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ታሪኩ በትርጕሙ ወደ ተወለደበት ገደል ተመልሶአልና።

የእኛም ራስላስ እንዲሁ ነው። ጆንሰን ኢትዮጵያን አላያትም፤ ወሬዋን ያገኘው ከመጽሐፍ ነው። ጀሮኒሞ ሎቦ የሚባል የፖርቱጋል ኢየሱሳዊ መነኵሴ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በፈረንጅ 1625 ዓ.ም. ወደ አገራችን ገብቶ በ1634 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ያየውንና የሰማውን ጻፈ። ለ ግራን የሚባለው ፈረንሳዊ ይህን ጽሑፍ ወደ ፈረንሳይኛ መልሶ በ1728 ዓ.ም. አሳተመው። ጆንሰን ገና ያልታወቀ ድኻ ወጣት ሳለ ፈረንሳይኛውን ወደ እንግሊዝኛ መለሰና በ1735 ዓ.ም. ታተመለት፤ የድካሙ ዋጋ አምስት ጊኒ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ሃያ አራት ዓመት ያህል ቈይቶ በ1759 ዓ.ም. እናቱ ሞተችበት። ለቀብርዋ ወጪና ለቀረው ጥቂት ዕዳዋ የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረው፣ በልጅነቱ የተረጐመውን የኢትዮጵያን ወሬ አስታውሶ በአንድ ሳምንት ምሽቶች ራስላስን ጽፎ ሸጠው። በማግሥቱ ዓመት መጽሐፉ ወደ ፈረንሳይኛ ተተረጐመ። እንግዲህ ይህ ወሬ ከኢትዮጵያ ወጥቶ በፖርቱጋል፣ በፈረንሳይና በእንግሊዝ ቋንቋ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሲዞር ኖሮ በ1939 ዓ.ም. በአማርኛ ወደ ቤቱ ገባ። የእናት መቅበሪያ እንዲሆን የተጻፈ መጽሐፍ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም፤ እኛ ግን ስናነበው ከልባችን አይጠፋም።

ይህ ለላስታ ምኗ ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ራስላስ የሚለው ስም የመጣው ከዐፄ ሱስንዮስ ወንድም ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ መሆኑን ሊቃውንት ይናገራሉ፤ በሎቦ ጽሑፍ ውስጥ የማዕረጉ ቃልና ስሙ እንደ አንድ ቃል ተያይዞ ለውጭ ሰው ጆሮ ራስላስ ሆነ። ራስ ሥዕለ ክርስቶስ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀብለው የኢየሱሳውያኑ ዋና ደጋፊ የነበሩ መኰንን ናቸው። በዚያ ሃይማኖት ምክንያት በየስፍራው ሽፍትነት ሲነሣ ከሁሉ የጠናው የላስታው ነበር። ላስቶች መልክአ ክርስቶስን አንግሠው በተራራቸው ላይ ሆነው የንጉሡን ጭፍራ ደጋግመው መለሱ። ንጉሡ በመጨረሻው ጦርነት ድል ቢያደርጉም የወደቀው ሁሉ የገዛ ሕዝባቸው ስለ ሆነ ልባቸው ተሰበረና በ1624 ዓ.ም. የቀደመውን ሃይማኖት ለሕዝቡ መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲል ለቀቁ። ላስታ የተዋጋችው ያ ራስ የቆመለትን ወገን ነበር። ስሙ ግን በባሕር ማዶ ጦርም ሃይማኖትም የማያውቅ፣ ዐሳብ ብቻ የሚያስጨንቀው የዋህ ልዑል ሆኖ ተመለሰ። የላስታ ሽማግሌ ይህን ሲሰማ ቢስቅ አይፈረድበትም።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ራስላስ የንጉሠ ነገሥቱ አራተኛ ልጅ ነው። እንደ መንግሥቱ ሥርዐት ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ጋር በአማራ አገር ተራራ በከበበው ሸለቆ ውስጥ ይኖራል። መግቢያው በዋሻ ሆኖ የብረት መዝጊያ አለው፤ በመካከሉ ሐይቅ አለ፤ ከምግብ፣ ከመጠጥና ከዘፈን አንዳች አልጎደለም። ልዑሉ ሃያ ስድስት ዓመት ሲሆነው ግን ደስታው ሰለቸው። አንድ ብልሃተኛ ሰው ክንፍ ሠርቶ ልብረር ቢል ከሐይቁ ወደቀ፤ ክንፉ በአየር ባይጠቅመውም በውኃው ላይ አንሳፎ አዳነው። በኋላም ልዑሉ ኢምላክ ከሚባለው፣ ብዙ አገር ከዞረው የጐጃም ባለ ቅኔ ጋር ተወዳጀና ሁለቱ ተራራውን በስውር እየፈለፈሉ መውጫ አበጁ። እኅቱ ኔካያና ደንገጡርዋ ፔኩዋም አብረው ወጡ፤ ካይሮ ወርደው ከሰው ኑሮ የተሻለው የትኛው እንደ ሆነ ይመረምሩ ጀመር። ፔኩዋን በፒራሚዶቹ አጠገብ ዐረቦች ማረኩአት፤ በወርቅ ተቤዥታ ተመለሰች። በመጨረሻ ሁሉም የየራሱን ምኞት ተናግሮ፣ አንዱም የሚፈጸም እንዳልሆነ ዐውቀው፣ የዓባይ ሙላት ሲጐድል ወደ ኢትዮጵያ ለመመለስ ይቈርጣሉ። መጽሐፉም እዚያ ላይ ያበቃል።

የአብነት ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ይህን ሲያነብ አንድ ነገር ትዝ ይለዋል። በቤተ መንግሥት ተዘግቶበት ሐዘንና ሞት እንዳያይ ተጠብቆ ያደገ፣ በኋላ ግን ወጥቶ እውነቱን ያየ የንጉሥ ልጅ ታሪክ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በረላም ወይዋስፍ የሚባለው መጽሐፍ ይህንኑ ይናገራል፤ እርሱንም ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ አባ ዕንባቆም ናቸው፤ ዘመኑም በፈረንጅ 1553 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ «ትርጕም ነው፤ የእኛ አይደለም» እያሉ የራስላስን መጽሐፍ የሚያቃልሉ ሰዎች በየሣጥናቸው ያለውን የግዕዝ መጽሐፍ ከወዴት እንደ መጣ ቢጠይቁ መልካም ነው። ከብራናው መጻሕፍታችን የሚበዙት ከጽርዕና ከዐረብኛ የተመለሱ ናቸው፤ ዳዊታችንም ራሱ ትርጕም ነው።

ለቤተ ሰብ ገጽ የሚስማማው ክፍል መካከሉ ላይ ነው። ወንድምና እኅት ምርመራውን ሥራ ተካፍለው፣ ልዑሉ የመሳፍንቱን ቤት፣ ኔካያ ደግሞ የመካከለኛውን ሰው ቤት ሊያዩ ይሄዱና ማታ ማታ የየበኩላቸውን ያወራሉ። እኅቲቱ ያየችውን ስታቀርብ ወላጅና ልጅ በአንድ ጣራ ሥር እየኖሩ የማይስማሙበትን ምክንያት እየነቀሰች ታወጣለች፤ ወንድምዋም ይከራከራታል። በልጅነት መጋባት ይሻላል ወይስ ዘግይቶ በሚለው ነገር ሁለቱም ብዙ ይናገራሉ፤ ደራሲውም ለአንዱ አይፈርድም። በእኛ አስተያየት ከመጽሐፉ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው አንዱ የልዑሉን፣ ሌላው የእኅቲቱን ንግግር እየተቀበሉ ቢያነቡት አንድ ምሽት ሙሉ ያከራክራቸዋል። ሴት ልጅ የወንድምዋን ያህል ተናግራ፣ ብዙ ጊዜም እርስዋ ረትታ የምትገኝበት መጽሐፍ በቤት ውስጥ መኖሩ በራሱ መልካም ነው።

ጕድለቱንም መሸሸግ አይገባም። የጆንሰን ኢትዮጵያውያን ሲናገሩ እንደ ሎንዶን ሊቃውንት ነው። በሸለቆው ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ደወል አይሰማም፣ ጾም አይጾምም፣ ጠላ አይጠመቅም። የአማራው አምባ ሥዕልም እውነቱን አይመስልም። ደራሲው የሰማው ስለ አምባ ግሸን ነው፤ እርሱም ከላሊበላ በስተ ደቡብ፣ በአምባሰል የሚገኘው፣ ዐናቱ እንደ መስቀል የሆነው ተራራ ነው። መስከረም 21 ቀን ለማርያም በዓል ወደ ግሸን የወጣ ሰው ብርዱንና ነፋሱን ያውቀዋል፤ ለሐይቅና ለዘፋኝ የሚሆን ስፍራ የለውም። የነገሥታቱ ዘመዶች እስከ ግራኝ ዘመን ድረስ በዚያ ይጠበቁ የነበረው ለደስታ ሳይሆን መንግሥት እንዳይናወጥ ነው። ጆንሰን በሚጽፍበት ጊዜማ ነገሥታቱ በጐንደር ተቀምጠው ዘመዶቻቸውን የሚያኖሩት በወኅኒ አምባ ነበር፤ ወኅኒ ቤት የምንለው ቃል ከዚያ የቀረ ነው። አንባቢ አባት ይህን ለልጆቹ እየለየ ሊነግራቸው ይገባል። በዚህ ነገር ላይ ዌንዲ ቤልቸር የምትባል በልጅነትዋ በኢትዮጵያ የኖረች አሜሪካዊት ሊቅ በፈረንጅ 2012 ዓ.ም. አንድ መጽሐፍ አውጥታለች፤ ዐሳብዋም ጆንሰን ከሎቦ ጽሑፍ የወሰደው የስም ጌጥ ብቻ ሳይሆን የኢትዮጵያውያንንም አስተሳሰብ ጭምር ነው የሚል ነው። በሁሉ ባንስማማም መነበብ ያለበት ነው።

ለላሊበላ ልጅ ግን በመጽሐፉ ውስጥ የማያስተምሩት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ተራራውን ፈልፍሎ መውጣት ነው። ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወገን ባለው የጨለማ መተላለፊያ ግድግዳውን በእጁ እየዳበሰ ያለፈ ሕፃን ራስላስና ኢምላክ በድንጋይ ውስጥ ሲሠሩ ምን እንደ ተሰማቸው ከሎንዶን አንባቢ ይልቅ ያውቃል።

አሁን ወደ መዝገባችን እንመለስ። ከአንዳንድ ዓመታት በፊት ስማቸውን የማንጠቅሳቸው አንድ የላስታ ሰው ዕድሜ ጠግበው ዐርፈው ሦስት ልጆቻቸው ለውርስ ቀረቡ። ሟቹ በወጣትነታቸው ለንግድ ወደ አሥመራ ሲመላለሱ የራስላስን መጽሐፍ ገዝተው ያመጡ ኖሮ ከዳዊታቸው ጋር በአንድ ማኅደር አግብተው በግድግዳ ሰቅለው ያኖሩት ነበር። የቅዳሜ ገበያ ላይ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው መጽሐፉን አይቶ የአንድ ወይፈን ዋጋ እሰጣለሁ ስላለ ታላቅ ወንድምየው ቀብድ ተቀበለ። ታናሽ እኅቱ ግን «አባቴ በክረምት ሌሊት እያነበበ ያሳደገኝ በዚህ ነው፤ ድርሻዬን ከሌላው ቀንሱና እርሱን ተዉልኝ» ብላ አልፈርምም አለች። መካከለኛውም ወንድም ከማን ጋር እንደሚቆም ግራ ገባው። ነገሩ ለሽማግሌ ተሰጠ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቄስ ነበሩ። መጽሐፉን ተቀብለው ከፊት ሳይሆን ከኋላ ገለጡት፤ አባቶች ባዶ ቅጠል ባገኙበት ሁሉ ይጽፉ እንደ ነበር ያውቃሉና። በመጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ በሟቹ እጅ የልጆቻቸው ልደት ተጽፎ ተገኘ። የበኵሩ በ1951 ዓ.ም. በዘመነ ሉቃስ፣ ከነክርስትና ስሙና ከነክርስትና አባቱ ስም፤ ከእርሱ ቀጥሎ ሌሎቹ። ከዚያ በታች ደግሞ ከሦስቱ ወራሾች ውጭ የሆኑ የሁለት ሕፃናት ስም ነበር፤ በስማቸውም አንጻር በ1966 ዓ.ም. በዚያ በክፉ ቀን ማረፋቸው በአንድ መሥመር ተጽፎአል። የወሎን የዚያን ዘመን ረኀብ ያየ ሰው ያ መሥመር ለምን እንዳጠረ ይገባዋል። ታናሽቱ ከዚያ በኋላ የተወለደች ስለ ሆነች እነዚህን ስሞች ሰምታ አታውቅም ነበር። ታላቅየው ግን ያውቃቸዋል፤ ያን ጊዜ እርሱ ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። ቄሱ ሲያነቡ ተነሥቶ ወደ ውጭ ወጣ፤ ቈይቶም ተመለሰና ሽያጩን እንደ ተወው ተናገረ። ቀብዱን አጥፍቶት ስለ ነበር ለመመለስ ሁለት በግ ሸጠ። መጽሐፉ ለእኅታቸው እንዲሆን፣ የመጨረሻው ገጽ ጽሑፍ ግን ተገልብጦ ለየወንድሞቹ እንዲሰጥ ሽማግሌዎቹ ወሰኑ፤ ግልባጩንም የጻፍነው እኛ ነን።

ከዚያ ወዲህ የንብረት ቍጥር ስንጽፍ የወረቀት መጽሐፍ ከተገኘ ስሙን፣ የታተመበትን ዘመንና ስፍራ፣ በባዶ ቅጠሉም ላይ ጽሑፍ መኖር አለመኖሩን በመዝገብ እናገባለን። እንዲህ ያለው ገጽ በፍርድ ቤት የዕድሜ ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ አይተናል፤ የክርስትና መዝገብ በሌለበት አገር ከእርሱ ሌላ የሚጠየቅ ምስክር አይገኝም።

አሮጌ እትም ሁሉ ብርቅ ነው ማለታችን አይደለም። ብዙ የታተመና ዛሬም የሚታተም መጽሐፍ አሮጌ ስለ ሆነ ብቻ ዋጋው አይወጣም። የሚያውቁ ሰዎች የሚመለከቱት መጀመሪያ የታተመበት መሆኑን፣ ቅጠሉ ያልጎደለ መሆኑን፣ የፊት ልባሱ አለመነሣቱንና የተርጓሚው መቅድም መኖሩን ነው። ባለቤቶች በመልካም ዐሳብ የሚሠሩት ጥፋት ደግሞ አለ። አሮጌው ልባስ ተቀዶ ይጣልና በአዲስ ቆዳ ይደጐሳል፤ ዳር ዳሩም እኩል እንዲሆን ይከረከማል፤ በዚህ ጊዜ ኅዳጉ ላይ የተጻፈው ሁሉ ይሄዳል። ገዢው ስለ ልባሱ ያዝናል፤ ቤተ ሰቡ ግን ያጣው ከዚያ የሚበልጠውን ነው።

ለመንገደኛ መሸጥን በተመለከተ፣ ሰው ችግር ሲገጥመው የገዛ ንብረቱን ቢሸጥ እኛ አንፈርድበትም። ሆኖም የብራና መጽሐፍና የቤተ ክርስቲያን ንዋይ ከዚህ የተለየ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቍጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስን ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። የላሊበላ ሰው ይህን ለመማር አዋጅ ማንበብ አላስፈለገውም፤ አፍሮ አይገባ የሚባለው የቤተ መድኃኔ ዓለም መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ቤልጅግ አገር ከአንድ ሰብሳቢ እጅ ገብቶ ከዓመታት በኋላ ሲመለስ አገሩ ሁሉ አይቶአል።

ስለ አጠባበቁ ጥቂት እንጨምር። ብራና ጢስ ይችላል፤ ወረቀት አይችልም። ዳዊቱ ከምድጃው አንጻር ለብዙ ዘመን ተሰቅሎ ምንም ሳይሆን ቢኖር የታተመው መጽሐፍ በዚያው ስፍራ ቢጫ ይሆናል፤ ጫፉም እንደ ደረቅ ቅጠል እየተሰበረ ይረግፋል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ማኅደር ማኖር አይገባም። ወረቀቱን በንጹሕ ነጠላ ጠቅልሎ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ስፍራ፣ በደርብ ቤት ከሆነ በላይኛው ክፍል በእንጨት ሣጥን ውስጥ ማኖር ይሻላል፤ ምስጥ ከታች ነውና የሚጀምረው። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚወርደው የክረምት ጭጋግ ሣጥኑ ውስጥ ሳይቀር ስለሚገባ፣ ጥቅምት ሲብት መጽሐፉን አውጥቶ በጥላ ቅጠል በቅጠል እየገለጡ ነፋስ ማስመታት ያስፈልጋል፤ ብልም ካለ ያን ጊዜ ይታያል። ፀሐይ ላይ ማስጣት ግን ቀለሙን ያጠፋል። የተቀደደ ቅጠል በሱቅ ላስቲክ ማጣበቂያ አይለጠፍ፤ ጥቂት ዓመት ሲቈይ ቡናማ ሆኖ ፊደሉን ይበላዋል። የወጣውን ቅጠል በስፍራው አግብቶ መጽሐፉን በጥብጣብ ማሰር ይበቃል።

በመጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ ገና ስፍራ ካለ ዛሬም ሊጻፍበት ይቻላል። የልጁ ስም፣ የክርስትና ስሙ፣ ቀኑ፣ ዓመተ ምሕረቱና ወንጌላዊው ይጻፍ፤ የጻፈውም ሰው ስሙን ከሥሩ ያኑር። በእርሳስ የተጻፈ ይደበዝዛል፣ በርካሽ የቢሮ ቀለም የተጻፈም ውኃ ሲነካው ይሰራጫል፤ የደብር ጸሐፊ የሚበጠብጠው ጥቁር ቀለም ከተገኘ ግን ከሁሉ የሚሻለው እርሱ ነው።